የመንግሥት ሥራ ጥቅማጥቅም ማንን ይጠራል? ማንንስ ያስቀራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡራትና ክቡራን። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብት ክፍል የመጣችሁ፣ ከባንክና ከፋብሪካ የቅጥር ክፍል የመጣችሁ፣ የራሳችሁን ድርጅት ከፍታችሁ ሠራተኛ ፍለጋ የምትደክሙ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ሁለታችሁን በአንድ አዳራሽ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዱ ወገን «ያሠለጠንኩትን ሰው የግሉ ወሰደብኝ» ይላል። ሌላው «መንግሥት ቤት የለመደ ሰው እኔ ጋ አይበረክትም» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ የመንግሥት ሥራ ጥቅማጥቅም በብር ሲተመን ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ማንን ይጠራል፣ ማንንስ ያስቀራል? ሦስተኛ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ምን እንለውጥ? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሕመሙ ያለው እዚያ ነውና። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በአገራችን የመንግሥት ሥራ ጥቅማጥቅም የገባውን ሰው ያስቀራል እንጂ በር ላይ የቆመውን አይጠራም። ያስቀራል እንጂ አይጠራም። ይህን ያላወቀ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ማስታወቂያ ያወጣል፣ በየዓመቱ ይፈትናል፣ በየዓመቱም መልቀቂያ ይፈርማል።

ለመንግሥት ሠራተኛ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች መነሻ የፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 ነው፤ ለግል ሠራተኛ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011። በ2017 ለፌዴራል ሠራተኞች አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው። ስለዚህ እኔ የምለውን በየጠረጴዛችሁ ካለው ጋር እያስተያያችሁ አዳምጡኝ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ። አንዲት በአካውንቲንግ ገና የተመረቀች ልጅ እንውሰድ። ሁለት የቅጥር ደብዳቤ በእጇ አለ። አንዱ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው፤ ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ የሆነው 11,500 ብር። ሌላው ከግል ድርጅት ነው፤ 18,000 ብር እንበል። ልዩነቱ 6,500 ብር ነው፤ የግሉ በ56 በመቶ ይበልጣል። ልጅቷ የምታየው ይህን ነው። ቤተሰቧም የሚያየው ይህን ነው።

አሁን ግብሩን እናንሳለት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይሆናል። የ11,500 ብሩ ግብር 2,100፣ የጡረታ መዋጮው 805 ነው። እጇ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር። የ18,000 ብሩ ግብር 4,250፣ ጡረታው 1,260፤ እጇ ላይ የሚደርሰው 12,490 ብር። 6,500 የነበረው ልዩነት 3,895 ሆነ። ከ56 በመቶ ወደ 45 ወረደ ማለት ነው።

ሰዓቱንስ ማን ይቆጥረዋል? የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 48 ይፈቅዳል። በወር ሲመታ 39ኙ 169 ሰዓት ይሆናል፤ 48ቱ 208። እጅ ላይ የሚደርሰውን ለሰዓቱ አካፍሉት፦ የመንግሥቱ በሰዓት ወደ 51 ብር፣ የግሉ 60 ብር። ልዩነቱ 18 በመቶ ብቻ ሆነ! ድርጅቱ 48 ሰዓት ሳይሆን ቅዳሜን ግማሽ ቀን አድርጎ 44 ሰዓት የሚያሠራ ከሆነ ደግሞ 29 በመቶ ግድም ይሆናል። ከ56 ተነስተን የት እንደደረስን አያችሁ?

ሠርቪሱን ጨምሩበት። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ በሠራተኞች አውቶቡስ በነጻ ይሳፈራል። የግሏ ተቀጣሪ ለታክሲ ደርሶ መልስ በቀን 80 ብር ብታወጣ፣ በወር 26 ቀን ስትሠራ 2,080 ብር ነው። ከ3,895ቱ ልዩነት የቀረው 1,815 ብር ነው። ይህን ስሌት ለተመራቂዋ ያሳያት ማን ነው? ማንም። ማስታወቂያው አላሳያትም። ፈታኙ አላሳያትም። የቅጥር ደብዳቤውም አላሳያትም።

እባካችሁ በተሳሳተ መንገድ አትረዱኝ። ደመወዙ ይበቃል እያልኩ አይደለም። 8,595 ብር አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ወጣት አይበቃም። የምለው ሌላ ነው፦ ያለንን እንኳ ቆጥረን አናውቅም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ አይወዳደርም።

ጡረታውን ለብቻው ላንሳ፤ ብዙ ስህተት ያለበት ቦታ ነው። ዛሬም «መንግሥት ቤት ግባ፣ ጡረታ አለው» ብሎ የሚመክር አባት አለ። እስከ 2003 ድረስ ምክሩ ልክ ነበር። በ2003 አዋጅ 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ሲወጡ ነገሩ ተለወጠ፤ በ2014 ሁለቱም በአዋጅ 1267 እና 1268 ተተኩ። መዋጮው በሁለቱም ወገን አንድ ነው፦ አሠሪ 11 በመቶ፣ ሠራተኛ 7 በመቶ። ቀመሩም ያው ነው። 10 ዓመት ያገለገለ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ላይ ይደርሳል። ከዚህም በላይ፣ በመንግሥት የተሠራውና በግል የተሠራው ዘመን ይያያዛል። ይያያዛል! ከግል ወደ መንግሥት የሚመጣውም፣ ከመንግሥት ወደ ግል የሚሄደውም ያገለገለው አይጠፋበትም። ስንት ሰው ይህን ባለማወቅ «ጡረታዬ ይቀርብኛል» ብሎ ከማይወደው ወንበር ላይ ተቀምጧል?

እውነተኛው የጡረታ ልዩነት ያለው አዋጁ ላይ ሳይሆን ፔሮሉ ላይ ነው። ጡረታ የሚሰላው በደመወዝ ላይ ነው፤ አበል አይገባበትም። አንዳንድ ድርጅት 18,000 ብሩን ለሁለት ይከፍለዋል፦ 9,000 ደመወዝ፣ 9,000 የቤት፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል። ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ ትንሽ ብር ይተርፈዋል፤ ድርጅቱም 11 በመቶውን በግማሽ ይከፍላል። ሰውየው ጡረታ ሲወጣስ? 30 ዓመት ቢያገለግል 55 በመቶው ከ18,000 ሳይሆን ከ9,000 ይሰላል። 9,900 ብር የሚሆነው 4,950 ይሆናል። ሁለተኛው ችግር መዋጮው ከሠራተኛው ተቆርጦ በወቅቱ ገቢ አለመሆኑ ነው። ሠራተኛው በአግባቡ ካልተመዘገበ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩ ካልወጣለት፣ ይህን የሚያውቀው ከ20 ዓመት በኋላ ማስረጃ ፍለጋ ሲንከራተት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዙን ከነመዋጮው በበጀት ስለሚይዝ እዚህ ላይ ይበልጣል። በመብለጡ ግን ሲያስተዋውቅ አይታይም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር። ማንን ያስቀራል? ማንን ይጠራል?

የዓመት ፈቃዱን ተመልከቱ። የመንግሥት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ 30 ላይ ይቆማል። የግሉ በ16 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። በር ላይ ልዩነቱ 4 ቀን ነው። ከዚያ ላይ 10 ዓመት ሲጨመርበት የመንግሥቱ 30፣ የግሉ 21፤ ልዩነቱ 9 ቀን። ምን ማለት ነው? ጥቅሙ ከዕድሜ ጋር ነው የሚያድገው። ጡረታውም እንደዚያው፤ 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ዘላቂ አበል የለውም፣ ገንዘቡን ይዞ ይወጣል። የእርከን ጭማሪው ጊዜ ይጠብቃል። የትምህርት ዕድሉ ተራ ይጠብቃል፤ የግዴታ ውልም ያስፈርማል። የኮንዶሚኒየሙ የ20 በመቶ ኮታ ዕጣ ይጠብቃል፤ በ2005 የተመዘገበ ሰው ዛሬም ይጠብቃል። ሁሉም ነገር «ቆይ» ነው የሚለው። ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።

የ23 ዓመት ወጣት ደግሞ ምን ይፈልጋል? የዚህን ወር የቤት ኪራይ። አከራይ የጡረታ ተስፋ አይቀበልም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ አይቀበልም። ስለዚህ ወጣቱ 18,000ውን ያያል፣ ይሄዳል። ልክ ነው። እኔ እሱን ብሆን እሄዳለሁ።

በሌላ በኩል የ38 ዓመት እናት አለች እንበል። ሁለት ልጆች፣ አንዱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ባለው የሕፃናት ማቆያ የሚውል። ጠዋት አውቶቡሱ ሰፈሯ ይመጣል። የፈቃዷ ቀን 30 ደርሷል። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀበላለች። ለእሷ የግሉ ድርጅት 4,000 ብር ቢጨምርላት ምን ያደርግላታል? ለሞግዚት ትከፍለዋለች። እሷ አትሄድም። ይህ ጥሩ ነው፤ ልምድ ያላት ሰው ቀረች። ግን መሥሪያ ቤቱ ያስቀራት አስቦበት አይደለም፣ የተገነባው ሥርዓት ያስቀራታል እንጂ። ማቆያው ነገ ቢዘጋ ስንት እናት እንደምትለቅ ማንም አስልቶ አያውቅም።

የሚለቀውስ ማን ነው? ከ3 እስከ 8 ዓመት የሠራው ነው። ሥራውን ለመልመድ በቂ ጊዜ አግኝቷል፤ በጥቅማጥቅሙ ለመታሰር ግን በቂ ጊዜ አላገኘም። አይፍሚስ በተባለው የመንግሥት የፋይናንስ ሥርዓት ላይ ሒሳብ የሚዘጋው፣ የግዥ አዋጁን በቃሉ የሚያውቀው፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥ የሚጠራው እሱ ነው። ሲለቅ ቢሮው ምን ይመስላል? ላይ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ነባሮች፣ ታች ትናንት የገቡ ጀማሪዎች፣ መሐሉ ባዶ። ጀማሪውን ማን ያሠለጥነው? ነባሩ በስብሰባ ተወጥሯል፤ መሐሉ ሄዷል። አገልግሎት የሚዘገየው፣ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህ ለእኔ የቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከገጠር ሦስት ቀን ተጉዞ የመጣ ገበሬ ወረፋ ላይ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልበል። የሥራ ዋስትና ራሱ ጥቅማጥቅም ነው፤ በደመወዝ ደረሰኝ ላይ ግን አይታይም። መቼ ታየ? በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም። በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ገደማ የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ብዙዎች የሚበልጥ ደመወዝ ፍለጋ ከቋሚ መደብ ለቀው የሄዱ ነበሩ፤ «ቋሚ መደብ» የሚለው ቃል ክብደት ያን ሳምንት ተሰማ። ዋስትና ግን ሁለት ዓይነት ሰው ይስባል፦ ረጋ ብሎ ሙያውን ማሳደግ የሚፈልገውንም፣ ማንም እንዳይነካው የሚፈልገውንም። የትኛውን እንደሚስብ የሚወስነው የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነው። ሁሉም 85 ከ100 የሚያገኝበት ምዘና ካለ ዋስትናው ጎበዙን ያስለቅቃል፣ ሰነፉን ያስቀምጣል።

ፉክክሩ ደግሞ ሁልጊዜ ከግል ጋር ብቻ አይደለም። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱን ባለሙያ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ሌላ የመንግሥት ተቋም ነው። ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ናቸው፤ ሠራተኞቻቸው ግን በሲቪል ሰርቪሱ የደመወዝ ስኬል አይተዳደሩም። የራሳቸው ስኬል፣ የራሳቸው የሕብረት ስምምነት አላቸው። እነሱም ቢሆኑ ተፎካካሪ መጥቶባቸዋል፦ ሳፋሪኮም በ2015 አገልግሎት ሲጀምር የቴሌኮም ባለሙያ ሌላ በር ተከፈተለት፤ በ2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። የባንክ ሰዎች እዚህ ስላላችሁ እጠይቃችኋለሁ፦ ሠራተኛችሁን የያዘው ምንድን ነው? በአነስተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤትና የመኪና ብድር አይደለም? ሲለቅ ብድሩ ወደ ገበያ ወለድ ስለሚዞርበት ነው የሚቆየው። ይህም ጥቅማጥቅም ያስቀራል። በአንድ ነገር ግን ከመንግሥቱ ይለያል፤ ጥቂት ዓመት የሠራ ወጣት ቤት ያገኝበታል። የ15 ዓመት ጥበቃ አይጠይቅም።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ላይ ሳልጠቅስ አላልፍም። በብር የተተመነ ጥቅማጥቅም ይሟሟል፤ በአገልግሎት የሚሰጥ አይሟሟም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮው ምን እንደሆነ አብረን አይተናል። ከዓመታት በፊት በመቶዎች ብር የተወሰነ የቤት አበል ዛሬ ምን ይገዛል? አውቶቡሱ ግን ዛሬም ሰፈር ድረስ ያመጣል። ማቆያው ዛሬም ልጅ ይይዛል። በመሥሪያ ቤቱ ካፌ በቅናሽ የሚበላው ምሳ ዛሬም ምሳ ነው። በጀት ስትጠይቁ ይህን ልዩነት ያዙ።

ቃል የተገባ ግን ያልተከፈለ ጥቅም ደግሞ ከሌለው የከፋ ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱበት ጥያቄ ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ የዲዩቲ ክፍያ፣ የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የራሳቸው የሕክምና ሽፋን ጭምር ነበር። ሌሊቱን ሲያዋልድ ያደረ ሐኪም የዲዩቲ ክፍያው ለወራት ሲዘገይበት በዓይኑ የሚያየው የግል ክሊኒክ በዕለቱ የሚከፍለውን ነው። ዲዩቲ በወረቀት ላይ ጥቅማጥቅም ነው። ሲዘገይ ማስለቀቂያ ይሆናል። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ በ2002 ወጥቶ ሥራ ላይ ሳይውል ስንት ዓመት ሆነው? የመንግሥት ሠራተኛ ሲታመም የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ያ አዋጅ ሥራ ላይ መዋል ነበረበት።

ሦስተኛው ነጥብ። ምን እንለውጥ?

ከማስታወቂያው እንጀምር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፦ ተራ ቁጥር፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ 11,500፣ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ «ዜሮ ዓመት»፣ ብዛት፣ ጾታ አይለይም። ከሥር «ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ቢሮ ቁጥር እዚህ ቅረቡ»። አለቀ። ስለ ጥቅማጥቅም አንድ ቃል የለም! እስኪ ሦስት መስመር ጨምሩበት፦ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39፤ የዓመት ፈቃድ 20 የሥራ ቀን ሆኖ በየዓመቱ የሚያድግ፤ የሠራተኞች አውቶቡስ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በአሠሪ። ማቆያ ከሌላችሁ አትጻፉ፤ ያላችሁን ብቻ ጻፉ። ወጪው ስንት ነው? የሦስት መስመር የጋዜጣ ቦታ።

ቀጥሎ ጊዜው ነው፤ ጎበዙ ተወዳዳሪ የሚጠፋው እዚህ ነው። ማስታወቂያው ለ10 የሥራ ቀን ይቆያል። ማጣራት፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተና፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኃላፊ ፊርማ። ፊርማው ኃላፊው ከመስክ እስኪመለስ ይጠብቃል። ውጤት ሲለጠፍ አንደኛ የወጣችው ልጅ የግል ድርጅት ውስጥ የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳለች፤ በግሉ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነውና። መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ የወጣውን ይጠራል፤ እሱም የለም። መጨረሻ ላይ የሚቀጠረው ሌላ ቦታ ያልተፈለገው ነው። «ጥራት ያለው ሰው አይመጣም» እንላለን። መጥቶ ነበር እኮ! ፈትነነው ነበር፤ አንደኛም ወጥቶ ነበር።

መፍትሔው አዋጅ አይጠይቅም። የፈተናው ቀን ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ፈተናው ማስታወቂያው ሳይወጣ ይዘጋጅ። ቃለ ጉባኤው ፈተናው በታረመ በማግስቱ ይፈረም፤ ኃላፊው ከሌለ ውክልና ይስጥ። የሕክምና ምርመራውና የፖሊስ የጣት አሻራ ማስረጃው አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጎን ለጎን ይሂድ። ተጠባባቂዎች በስልክ ይጠየቁ፤ «አሁንም ይፈልጋሉ?» ተብለው። አንደኛ ለወጣው ውጤቱ ሰሌዳ ላይ እስኪለጠፍ አይጠበቅ፣ በዕለቱ ይደወልለት።

ልምድ ያለው ሰው ከግሉ ወደ መንግሥት የማይመጣውስ ለምንድን ነው? አዲስ ገቢ በመደቡ መነሻ ደመወዝ ስለሚቀጠር ነው። በግል ባንክ 10 ዓመት የሠራ ሰው ቢመጣ መነሻው ላይ ያርፋል፣ ፈቃዱም ከ20 ይጀምራል። ቀጣሪው መደራደር አይችልም፤ ስኬሉ አይፈቅድለትም። ታዲያ በእጁ ያለውን ይጠቀምበት፦ ጡረታው እንደሚያያዝ ይንገረው፣ የሰዓት ስሌቱን ያሳየው፣ ያለውን የትምህርት ዕድል በግልጽ ያስቀምጥለት። የመደብ ደረጃውን በትክክል መመዘንም ትልቅ ነገር ነው። ባለሙያ የሚፈልግ ሥራ ዝቅ ባለ ደረጃ ከተመደበ በኋላ ማስታወቂያ ማውጣት ወረቀት ማባከን ነው።

ወደ ግሉ ወገን ልዞር። እናንተ ደግሞ ፉክክሩን በደመወዝ ብቻ አታድርጉት፤ በደመወዝ የመጣ በደመወዝ ይሄዳል። ከጎናችሁ ያለው ድርጅት 2,000 ብር ሲጨምር ሰውየው የለም። ርካሽ የሆነውን ጥቅም አስቡት። የዓመት ፈቃዱን ከ16 ወደ 20 ብታሳድጉት ስንት ይፈጃል? 18,000 ብር ለ26 ቀን ሲካፈል በቀን 692 ብር ነው። አራት ቀን 2,769 ብር። ከዓመት ደመወዙ 1.3 በመቶ አይሞላም! ይህን ያህል ደመወዝ ብትጨምሩለት በወር 231 ብር ነው፤ ግብር ተነሥቶለት አያስተውለውም። አራት ቀን ግን ያስተውላል፤ ለጥምቀት አገር ቤት ሄዶ ይመለስበታል።

የወሊድ ፈቃድ ላይ ሕጉ እኩል አድርጓችኋል፤ በሁለቱም 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ ነው። የአባት ፈቃድ ላይ ግን ለመንግሥት ሠራተኛ 10 የሥራ ቀን፣ ለግሉ 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሚስቱ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ሆስፒታል የተኛችበት ሠራተኛ በአራተኛው ቀን ቢሮ ሲጠራ ስለ ድርጅታችሁ ምን ያስባል? ሰባት ቀን ጨምሩለት። በዕድሜ ልኩ ስንቴ ይጠይቃችኋል?

ጡረታውን በሙሉ ደመወዙ ላይ ክፈሉ። ቅድም ባነሳሁት ምሳሌ 9,000 ብር አበል ወደ ደመወዝ ሲገባ በወር 990 ብር ተጨማሪ መዋጮ ነው ከእናንተ የሚወጣው። ቀላል አይደለም፤ አውቃለሁ። በአንድ ዓመት ካልቻላችሁ በሦስት ዓመት ከፋፍላችሁ አስገቡት፣ ለሠራተኛውም በደብዳቤ አሳውቁት። «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለውንም ከማስታወቂያችሁ አውጡ። መንግሥት ቤት ያለ ጥንቁቅ ሰው ያን ሲያይ አይመዘገብም፤ ቁጥሩን የማያውቀው ቦታ ሄዶ የያዘውን አይለቅም። የምትፈልጉት ግን እሱን ጥንቁቁን ነው።

ሠራተኛ የሌላ ድርጅት ደብዳቤ ይዞ ወደ ቢሯችሁ ሲመጣ በሁለቱም ወገን ብዙ ኃላፊ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ይቆጣል። «ከሃዲ» ይላል፣ ክሊራንሱን ያዘገያል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ይይዝበታል። ይህ ግፍ ነው። ደግሞም የሚቀሩት ያዩታል፤ ያየ ሰው የራሱን መልቀቂያ በድብቅ ነው የሚያዘጋጀው። በዚያ ፈንታ አስቀምጡትና አብራችሁ አስሉ። የሚያቀርቡልህ ደመወዝ ነው ወይስ አበል ተጨምሮበት? ጡረታው በስንቱ ላይ ይሰላል? ቅዳሜ ትሠራለህ? ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ለአንድ ዓመት? የትርፍ ሰዓቱ በሕጉ መሠረት በመደበኛ ቀን 1.5፣ በዕረፍት ቀን 2 እጥፍ ይከፈላል? ከስሌቱ በኋላ አሁንም የሚሻለው መሄዱ ከሆነ በምርቃት ሸኙት፣ ክሊራንሱን በሳምንት ውስጥ ጨርሱለት። ካልሆነም ቁጥሩን አይቶ የሚቀር ሰው አግኝታችኋል።

የስሌቱን ቅጽ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼዋለሁ፤ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ውሰዱ። ግራው ዓምድ ለመንግሥት፣ ቀኙ ለግል ነው፤ ከላይ ደመወዝ፣ ግብርና ጡረታ፣ ከሥር ሰዓት፣ ትራንስፖርት፣ ፈቃድና የውሉ ዓይነት። ከምሳ በኋላ በየቡድናችሁ የየራሳችሁን አንድ ክፍት መደብ ይዛችሁ ሙሉት፤ ማስታወቂያውንም እዚያው እንደገና እንጽፈዋለን። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ከኋላ እጅ ያወጡት እህቴ ይጀምሩ።